ድምፅን በአዳራሽ ውስጥ ማዞር፦ ከየት ልጀምር ለምትሉ

በኮምፒውተር ሙዚቃ ለምትሠሩ፦ ቀድሞ የሚመረጠው ሶፍትዌሩ ሳይሆን ስልቱ ነው።

ቪሌ ፑልኪ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው ቪቢኤፒ የተባለ ስልት ድምፁን ለሁለት ወይም ለሦስት ቅርብ ስፒከሮች ያከፋፍላል፤ አቅጣጫው ጥርት ይላል። ሌላው ስልት አምቢሶኒክስ ግን የስፒከሩን አቀማመጥ ለመጨረሻ ያቆየዋል። ዛሬ በጆሮ ማዳመጫ የሠራችሁትን ነገ ባለ 24 ስፒከር አዳራሽ ውስጥ ዲኮደሩን (ድምፁን ለስፒከሮቹ የሚያከፋፍለውን ክፍል) ብቻ ቀይራችሁ ታሰማላችሁ። ችግሩ ቻናል መብላቱ ነው፤ የአቅጣጫ ጥራቱ ደረጃ ከፍ ሲል ቻናሉም ይበዛል፦ አንደኛ ደረጃ 4፣ ሦስተኛ 16፣ ሰባተኛ 64። ለእኔ ሦስተኛው ይበቃል።

ወደ ሶፍትዌሩ ስንመጣ፣ ለአምቢሶኒክስ የግራዙ አይኢኤም ፕለጊን ስብስብ ነፃ ነው፤ ሪፐር በተባለው የድምፅ ማቀናበሪያ ላይ ጫኑት። ስፓት የተባለው የኢርካም መሣሪያ ደግሞ ማክስ የተባለውን ፕሮግራም ለለመደ ነው።

መቆጣጠሪያስ? የድምፁን መንገድ በማውስ መሣል አሰልቺ ነው (ፈረንሳዊው አቀናባሪ ፒየር ሼፈር እ.ኤ.አ. በ1951 እንኳ ድምፁን በእጅ እንቅስቃሴ ነበር የሚያዞረው!)። ስልካችሁን በዋይፋይ፣ በኦኤስሲ (የመቆጣጠሪያ መልእክት መላኪያ ፕሮቶኮል) ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኙት። የእጅ መንቀጥቀጥ እንዳይሰማ ግን የሚገባውን ዳታ አለስልሱት።