አራት ጓደኛሞች በአባያ ዳር

«እኔስ ዛሬውኑ እመለሳለሁ። ልጄ ታማ ተኝታ እኔ እዚህ ሐይቅ እያየሁ ዓሣ ልበላ ነው?»

ይህን የተናገረችው ከአራታችን በዕድሜ ትልቋ፣ የሦስት ልጆች እናት የሆነችው ጓደኛችን ናት። ጊዜው የዕረፍታችን የመጨረሻ ቀን ማለዳ ነበር። ያረፍነው ሴቻ በሚባለው የአርባ ምንጭ ከተማ የላይኛው ክፍል ሲሆን፣ ከበረንዳው ሆኖ ቁልቁል ለተመለከተ በስተግራ አባያ፣ በስተቀኝ ጫሞ፣ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ የሚባለው ተራራማ መሬት ይታያል። የአባያ ውኃ ቀላ ያለ ነው። ከደጋው የሚወርዱት እንደ ብላቴ ያሉ ወንዞች የሚያመጡት ደለል ሳይዘቅጥ ስለሚንሳፈፍበት ነው ይህን መልክ የያዘው። የጫሞ ውኃ ግን ወደ ሰማያዊ ያደላል።

አራታችንም በአንድ መሥሪያ ቤት የምንሠራ ነን። ለዚህ ጉዞ ዓመት ሙሉ ከደመወዛችን እየቀነስን ዕቁብ ጥለናል። ሦስቱ ቀናት በደስታ አለፉ። ከተማዋ ስሟን ያገኘችባቸውን ምንጮች አየን። በጀልባ ጫሞ ላይ ወጥተን አዞዎችና ጉማሬዎች በሩቁ ተመለከትን። የመጨረሻውን ቀን ለዶርዜ መንደር አቆይተነው ሳለ ነው ከአዲስ አበባ ስልክ የተደወለው። ትንሿ ልጅ ሌሊቱን አተኩሷት አድሮ፣ አባቷ ማለዳ ጤና ጣቢያ አድርሷት፣ መድኃኒት ተሰጥቷት ወደ ቤት ተመልሳለች።

«አባት የለውም እንዴ ልጁ? ዓመት ሙሉ የቆጠብነው ለዚህ ነበር?» አለች ሁለተኛዋ ጓደኛችን።

«ያልወለደች ምን ታውቃለች!» የሚል መልስ ተሰጣት።

በረንዳው ጸጥ አለ። ያቺ ጓደኛችን ልጅ ለማግኘት ስንት ደጅ እንደጠናች ሁላችንም እናውቃለን። ቃሉን የተናገረችውም ወዲያው ደነገጠች፤ ነገር ግን ከአፍ ከወጣ በኋላ ምን ይደረጋል?

በዚህ ጊዜ የሁላችን ታናሽ ተነሥታ ወደ ግቢው ወረደች። እርጥብ ሣር ነጭታ መጥታ በመካከላችን ተንበረከከች። ነገሩ ለአገሩ ሰው እንግዳ አይደለም። በመስከረም ወር 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው በጋሞ ተወላጆች ላይ በደረሰው ግድያ የተቆጡ ወጣቶች አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል በወጡ ጊዜ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበርክከው መልሰዋቸዋል። ሣር የያዘ ሽማግሌ ረግጦ የሚያልፍ የለም። ታናሻችን መጀመሪያ በጨዋታ መልክ ነበር የጀመረችው፤ ሁለቱ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ግን እርሷም አለቀሰች።

እንባው ከታበሰ በኋላ ባልየው ዘንድ ተደወለ። «ትኩሳቷ በርዷል፤ መድኃኒቱንም በሰዓቱ እየሰጠኋት ነው። ማታ መንገድ እንዳትጀምሪ። ይልቅ አጥሚት እንዴት እንደሚሠራ ንገሪኝ» አለ። እናት የዱቄቱንና የውኃውን መጠን፣ እንዳይጓጉል እንዴት እንደሚማሰል ደጋግማ አስረዳች። አሥራ ሁለት ዓመት በትዳር ስትኖር ይህን ስታስተምረው የመጀመሪያዋ መሆኑን ስልኩን ከዘጋች በኋላ ነው ያስተዋለችው።

እኛም ወደ ጨንቻ የሚያወጣውን ዳገት ይዘን ዶርዜ ደረስን። ቆላው ሙቀት ቀርቶ ነጠላ የሚያስደርብ ብርድ ተቀበለን። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ የሚሠራ ረጅም ቤት ነው፤ ፊቱ ዝሆን ይመስላል። ሥሩን ምስጥ ሲበላው የተበላው ክፍል እየተቆረጠ ቤቱ ዓመት ከዓመት ዝቅ ይላል፤ ሲያስፈልግም ተሸክመው ቦታ ያዛውሩታል። በልማድ ሽመናው የወንዶች፣ ፈትሉ የሴቶች ነው።

ከአንዱ ጓሮ አንዲት እናት እንሰት ትፍቅ ነበር። የተፋቀው በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበርና ሲብላላ ቆጮ ይሆናል። ሥራው ከባድ ነው፤ ጉልበትም ወገብም ይጠይቃል። ቆጮውን ከማርና ከዳጣ ጋር አቀረበችልን። ስንበላ፣ «ቤታችሁን ማን ያዘው?» ብላ ጠየቀችን። ነገርናት። እኛም በተራችን፣ «እርስዎስ መቼ ነው የሚያርፉት?» አልናት።

«የእኔ ዕረፍት የገበያ ቀን ነው። ሸክሜን አውርጄ፣ ከባልንጀሮቼ ጋር የምቀመጥባት ሰዓት» አለችን።

ማናችንም መልስ አልነበረንም። የእኛ ዕረፍት በሕግ የተጻፈ ነው፤ የእርሷን ግን የጻፈላት የለም። እንዲያውም እኛ ያረፍነው የእርሷን ድካም እየተመለከትን ነበር።

ውድ አንባቢያችን፣ ለሠራተኛ የተጻፈው ሕግ ምን እንደሚል ማወቁ ይበጃል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ዕረፍት ከደመወዝ ጋር ያገኛል፤ በየሁለት ዓመቱም አንድ የሥራ ቀን ይጨመርለታል። በመርሕ ደረጃ ዕረፍቱን በገንዘብ መለወጥ ክልክል ነው፤ ዕረፍት የተሰጠው ሰውነት እንዲያርፍበት ነውና። ብዙዎቻችን እናቶች ግን ፈቃድ ወጣን ብለን ቤት ውስጥ ሌላ ሥራ እንጀምራለን። ከቤት ለመራቅ ያሰበች እናት አስቀድማ የልጆቹን የክትባት ካርድ፣ የጤና ጣቢያውን ስልክና የምግቡን አሠራር ለባሏ ብታስረዳ ግማሹ ሐሳብ ይቀልላታል። ወደ ቆላ የሚሄድም በአጎበር ሥር ይተኛ፤ ከተመለሰ በኋላ ትኩሳት ቢሰማው የነበረበትን ቦታ ለሐኪም ይናገር። በአባያና በጫሞ ዳር አዞ ስላለ ልጆችን ወደ ውኃው ማስጠጋት አይገባም።

ከዶርዜ ስንመለስ ሁለተኛዋ ጓደኛችን ከሸማኔው ዘንድ ጥቂት ዘግይታ መጣች። ለራሷ የገዛችው ነገር አልነበረም። ጥለቷ ያማረ፣ ለትንሽ ልጅ የምትሆን ነጠላ ይዛ ነበር። «ለታመመችው ልጃችን» ብላ ለትልቋ ሰጠቻት። ትልቋም ነጠላዋን አጣጥፋ ከልብሶቿ መካከል ሳይሆን ደረቷ ላይ አድርጋ ቁልቁለቱን ወረደች።

በነጋታው ንጋት ተሳፍረን አመሻሹ ላይ አዲስ አበባ ገባን። ልጅቷ ተሽሏት በር ድረስ ሮጣ መጣች። አጥሚቱ ግን ጓጉሎ ነበር አሉ።