የዕጣን ዛፍ፦ ተተኪ ያጣው የቆላ ሀብት

ከደባርቅ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ ዛሪማ የደረሰ መንገደኛ፣ የደጋውን ብርድ ትቶ ወደ ተከዜ ቆላ መቃረቡን ይረዳል። በዓዲ አርቃይ በኩል እስከ ተከዜ ሸለቆ በሚዘልቀው በዚህ ደረቅ ምድር ከሚታወቁ ሀገር በቀል ዛፎች አንዱ፣ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት የሚላጠው የዕጣን ዛፍ ነው። በቤተ ክርስቲያን ጥና ላይ፣ በቡና ረከቦት አጠገብ የሚጤሰው ዕጣን የዚህ ዛፍ ሙጫ ነው። በዓለም ገበያ ከሚቀርበው ዕጣንም ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከዚሁ ዝርያ እንደሚገኝ ይገመታል።

ለተመልካች ዛፉ የጠፋ አይመስልም፤ ያሉት ግን አረጋውያን ዛፎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት እንደሚያመላክተው፣ ከተፈተሹት የዕጣን ደኖች ከ75 በመቶ በሚበልጡት ውስጥ ትንንሽ ዛፎች አልተገኙም። ሁኔታው በዚሁ ከቀጠለ የዕጣን ምርት በ20 ዓመታት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ አጥኚዎቹ ተንብየዋል።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ችግኙ በየበጋው ይደርቃል፤ ከሥሩ ዳግም ቢያቆጠቁጥም ከብት ይግጠዋል፣ እሳት ይፈጀዋል። የእርሻ መስፋፋት እና ግንድ የሚበሳ ጥንዚዛም ጉዳት ያደርሳሉ። ቅርፊቱ ያለ ዕረፍት የሚቆረጥ ዛፍ ደግሞ ጉልበቱን ለሙጫ ስለሚያውል ዘሩ ይመክናል። በኤርትራ በተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት፣ ካልተነኩ ዛፎች ከተገኘው ዘር ከ80 በመቶ በላይ ሲበቅል፣ እጅግ ከተቆረጡት የበቀለው ከ16 በመቶ በታች ነበር።

እዚህ ላይ የዘር ብዝኃነት ጉዳይ ይነሳል። የቆላ አርሶ አደር ቶሎ የሚደርስ እና ዘግይቶ የሚደርስ የማሽላ ዘር ለይቶ ያስቀምጣል፤ ዝናብ ቢያጥር አንዱ ይተርፋልና። የዱር ዛፍም እንዲሁ ነው። አንዱ ድርቅን፣ ሌላው ተባይን የመቋቋም ባሕርይ ሊኖረው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ ያለው የዕጣን ዛፍ ሰፊ የዘር ብዝኃነት እንዳለው፣ ይህም እንደየአካባቢው እንደሚለያይ አረጋግጧል። ስለዚህ በመተማ ያለውን ደን መጠበቅ የተከዜውን አይተካም። ሀብቱ አሁንም አለ፤ ነገር ግን ያለው በሽማግሌዎቹ ዛፎች ውስጥ ነው። ወራሽ ሳይተኩ ከወደቁ ብዝኃነቱም አብሮ ይጠፋል።

መፍትሔው ከአካባቢው ነዋሪ አቅም በላይ አይደለም። የደኑን የተወሰነ ክፍል ከከብት እና ከእሳት ከልሎ ችግኙ እስኪጠነክር መጠበቅ ቀዳሚው ነው። ዕጣን አምራቾችም በአንድ ዛፍ ላይ የሚቆርጡትን ቦታ መቀነስ፣ ዛፉንም በየተራ ለዓመታት ማሳረፍ ይገባቸዋል። ዘር የሚሰበሰበው ካረፉ እና ተራርቀው ከሚገኙ በርካታ ዛፎች መሆን አለበት። ዛፉ ከቅርንጫፍ ቁራጭም ሊራባ ይችላል፤ ሆኖም ከአንድ ዛፍ የተወሰዱ ቁራጮች ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሚሆኑ፣ ቁራጩም ከብዙ ዛፎች ይወሰድ።

በ1968 ዓ.ም. የተመሠረተው የአሁኑ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሀገሪቱን ዕፅዋት ዘር ይጠብቃል። ይሁን እንጂ በመጋዘን የተቀመጠ ዘር ዕጣን አይሰጥም፤ በበጋ ሲያብብም ንብ አይቀስምበትም። የዕጣን ዛፍ ለልጅ ልጅ የሚተርፈው በበቀለበት ቆላ፣ በጎረቤቶቹ ጥበቃ ነው።