የግቢው ጉድጓድ፦ ሴፕቲክ ታንክ እንዴት ይሠራል?

በመርካቶ ጠባብ ቅያሶች የፍሳሽ መኪና ሲቆም ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ወፍራሙ ጎማ በሱቆች መሃል ተዘርግቶ ወደ ግቢ ሲዘልቅ፣ መንገደኛው አፍንጫውን በነጠላው ጫፍ ሸፍኖ ያልፋል። ጎማው የሚገባበት ጉድጓድ ግን ከሽታው ባለፈ ብዙም አይታወቅም።

ብዙዎቻችን ጉድጓዱን እንደ በርሜል እናየዋለን፤ ይሞላል፣ ይመጠጣል፣ እንደገና ይሞላል። በደንብ የተሠራ ሴፕቲክ ታንክ ግን ዕረፍት የለውም። ፈረንሳዊው ዣን ሉዊ ሙራስ እ.ኤ.አ. በ1881 የፈጠራ መብት ያወጣበት ይህ ዘዴ የሚሠራው ጠላ ጋን ውስጥ እንደሚጠልለው ነው። ከባዱ እንደ አተላ ይዘቅጣል፤ ቅባቱ ይንሳፈፋል፤ መሃል ላይ ቀለል ያለ ውሃ ይቀራል። አየር የማይፈልጉ ባክቴሪያዎች ዝቃጩን እያብላሉ መጠኑን ይቀንሱታል እንጂ አያጠፉትም። የመሃሉ ውሃ በቱቦ ወደ ማስረጊያው ጉድጓድ ይሄድና አፈር ውስጥ ይሰርጋል።

ዋናው ችግር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ዝቃጩ ከፍ ካለ ከውሃው ጋር ወጥቶ የማስረጊያውን አፈር ይደፍነዋል። ያን ጊዜ ታንኩን ማስመጠጥ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። በተለይ ውሃ ቶሎ በማያሰርገው ዋልካ አፈር ላይ፣ ያውም በክረምት፣ ፍሳሹ ተመልሶ ግቢ ውስጥ ይፈነዳል።

ስለዚህ ሞልቶ እስኪፈስ አይጠበቅም። ነጭ ጨርቅ የተጠቀለለበት ረጅም እንጨት እስከ ወለሉ ድረስ ሰደድ አድርጎ ማውጣት ዝቃጩ የት እንደደረሰ ያሳያል። ከጥልቀቱ ሢሶ ላይ ከደረሰ የማስመጠጫው ጊዜ ነው። ለአንድ ቤተሰብ ይህ በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ዓመት ይወስዳል። ብዙ አባወራ አንድ ሽንት ቤት በሚጋራበት የመርካቶ ግቢ ግን ጊዜው በጣም ያጥራል።

መኪናው ራሱም አቅሙ የተወሰነ ነው። ፓምፑ የሚስበው በመኪናው በርሜል ውስጥ ያለውን አየር ነው፤ ፍሳሹን ወደ ላይ የሚገፋው የውጭው አየር ክብደት ነው። በባሕር ጠረፍ ይህ ግፊት ንጹሕ ውሃን ቢበዛ 10 ሜትር ያህል ያነሣል፤ አየሩ በሳሳበት አዲስ አበባ ግን 8 ሜትር እንኳ አይሞላም። ለዓመታት ሳይነካ የጠጠረ ዝቃጭ ደግሞ ውሃ ተጨምሮበት ካልተበጠበጠ አይወጣም። ፌስታል፣ ጨርቅና ዳይፐር ከገቡበት ጎማው ይደፈናል። የወጥ ዘይትም ቅባቱን ያወፍረዋል፤ በብዛት የሚደፋ በረኪና ባክቴሪያዎቹን ይገድላል። የጣሪያ ውሃ ወደ ታንኩ ሲገባ ደግሞ የረጋውን ያደፈርሰዋል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም ይበልጣል፤ ማንም ሰው ጉድጓዱ ውስጥ አይግባ። ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የተባለው ጋዝ የማሽተት ስሜትን አደንዝዞ በደቂቃዎች ይገድላል፤ ተጎጂውን ሊያወጣ የገባውንም ያስቀረዋል። ሚቴን ስለሚቀጣጠልም በጉድጓዱ አፍ ላይ ሲጋራ ወይም ክብሪት አይለኮስም።

የተመጠጠው ፍሳሽ መድረስ ያለበት ማጣሪያ ጣቢያ ነው። መኪናው ሊመጥ የሚችለው ግን ጎማው የሚደርስበትን ጉድጓድ ብቻ ነው። መሬት እንደ ወርቅ በሚቆጠርበት መርካቶ የጉድጓዱ ክዳን ላይ ሸቀጥ መከመር፣ ሲብስም ክፍል መቀጠል ያጓጓል፤ ጉድጓዱ ሲሞላ ግን የሚፈርሰው ያው ክፍል ነው። የግቢዎ ጉድጓድ ክዳን የት እንዳለ ካላወቁ ከክረምቱ በፊት የቆዩትን ጎረቤት ይጠይቁ፤ የማስመጠጫውንም ወጪ ጉድጓዱ ሳይሞላ አብራችሁ አዋጡ።