የስኳር መድኃኒት ሲለወጥ ፊት ላይ የሚወጣው ሽፍታ ሁሉ ምች አይደለም

በገጠር አንድ ሰው ፀሐይ ላይ ውሎ ከንፈሩ ሲያብጥ ወይም ፊቱ ሽፍ ሲልበት «ምች መታው» መባሉ የተለመደ ነው። ዳማከሴ ተጨምቆ ይቀባል፤ ይጠጣልም። ይሁን እንጂ ሕመምተኛው የስኳር በሽታ ያለበትና በቅርቡ መድኃኒት የተለወጠለት እንደሆነ ነገሩ በምች ብቻ ሊታለፍ አይገባም።

የስኳር ሕሙማን መድኃኒት በልዩ ልዩ ምክንያት ይለወጣል። ሜትፎርሚን ብቻውን አልበቃ ሲል ግሊቤንክላሚድ ይጨመራል፤ አንዱ ከመድኃኒት ቤት ሲጠፋ ሌላው ይተካል፤ ክኒን አልመልስ ሲልም ሕመምተኛው ወደ ኢንሱሊን መርፌ ይዛወራል። አዲሱ መድኃኒት ለብዙዎች ይስማማል። ጥቂቶች ግን በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማሳከክ፣ መቅላትና ሽፍታ ያጋጥማቸዋል።

ግሊቤንክላሚድ ከሰልፋ መድኃኒቶች ጋር ዝምድና ያለው ክኒን ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 በፈረንሳይ አገር በሞንፔሊየ ከተማ ለታይፎይድ ሕሙማን አንድ የሰልፋ መድኃኒት ሲሰጥ የደም ስኳራቸው መውረዱን ሐኪሞች አስተዋሉ፤ የዚህ ዓይነት ክኒኖች መነሻም ይኸው ነበር። እነዚህ ክኒኖች በአንዳንድ ሰዎች ላይ ቆዳ በፀሐይ እንዲቆጣ ያደርጋሉ። ፀሐይ የሚያገኘው ግንባር፣ ጉንጭ፣ አንገትና የእጅ ጀርባ ይቀላል፤ ያቃጥላል። በልብስ የተሸፈነው ገላ ግን ደህና ይሆናል። ቀኑን ሙሉ በእርሻ ላይ በሚውል ገበሬ ዘንድ ከምች ጋር የሚያሳስተውም ይህ ነው።

በዚህ ጊዜ ሁለት አደገኛ ስሕተቶች ይፈጸማሉ። አንደኛው ለማንም ሳይናገሩ መድኃኒቱን መጣል ነው። ሽፍታው ሊጠፋ ይችላል፤ ስኳሩ ግን ያሻቅባል። ውኃ ጥምና ሽንት ይበዛል፤ ውሎ አድሮም ዓይን፣ ኩላሊትና እግር ይጎዳሉ። ኢንሱሊን የግድ የሚያስፈልገው ሰው መርፌውን ካቋረጠ በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሱን ስቶ ሊሞት ይችላል።

ሁለተኛው ከባዱን ምልክት ንቆ መቀመጥ ነው። የዓይን ቆብ፣ ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ቆዳ ውኃ ከቋጠረ ወይም ከተላጠ፣ አፍ ከቆሰለ ሕመምተኛው ቀጣዩን ክኒን ሳይውጥ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ በአፋጣኝ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መወሰድ አለበት።

ሽፍታው ቀላል ከሆነ ደግሞ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ የቀድሞውንና የአዲሱን መድኃኒት ማሸጊያ ከሕክምና ካርዱ ጋር ይዞ ጤና ጣቢያ መቅረብ ያሻል። ጤና ሠራተኛው መጠኑን ሊያስተካክል ወይም በሌላ ሊተካው ይችላል። ከዚህ ቀደም የሰልፋ ክኒን አስቆጥቶት የነበረ ሰውም ይህንኑ አስቀድሞ መናገር ይገባዋል። እስከዚያው ባርኔጣ ማድረግ፣ ቀትሩን ከጥላ ሥር ማሳለፍ ይረዳል። የጎረቤትን የስኳር ክኒን ተውሶ መዋጥ ግን ፈጽሞ አይገባም።

የገበሬ ማኅበር መሪዎች በዚህ ረገድ ሊሠሩት የሚችሉት ብዙ ነው። በስብሰባ ላይ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጊዜ መስጠት፣ በቀበሌው ውስጥ የስኳር ሕሙማን መድኃኒት ሲለወጥላቸው ቤተሰብ እንዲከታተላቸው ማሳሰብ፣ ምልክቱ ሲከፋም ቃሬዛና ተሸካሚ ሳይዘገይ ማዘጋጀት ከእነርሱ ይጠበቃል። ፊቱ የተለወጠበት ሰው ኀፍረት ይዞት ከቤት እንዳይቀር፣ መድኃኒቱንም በስውር እንዳይጥል መምከር ሕይወት ማዳን ነው።