የተሰነጠቀች ፊደል፦ በሲ ፕሮግራም ጽሑፍን ከኢንኮዲንግ ወደ ኢንኮዲንግ ስለማዛወር



የዛሬው ንግግሬ የሚያተኩረው አይኮንቭ በተባለው ፈንክሽን ላይ ነው። በፖዚክስ ደረጃ የተካተተ፣ ጽሑፍን ከአንድ ኢንኮዲንግ ወደ ሌላው የሚያዛውር ፈንክሽን ነው። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተሞክሮ ያለ እንከን የሠራ ፕሮግራም አማርኛ ሲቀርብለት ፊደል የሚጥለው ስለ ምን ነው?

በሲ ቋንቋ ጽሑፍ ማለት የባይቶች ሰልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 የተካተተው የኢትዮጵያ ፊደል መነሻ ቁጥሩ 4608 በመሆኑ፣ እያንዳንዱ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይወስዳል፤ «ሀ» 225፣ 136 እና 128 ናት። ስትርሌን «ሰላም» የሚለውን ቃል 9 ብሎ ቢቆጥር አልተሳሳተም፤ የሚቆጥረው ባይት ነውና።

እንግዲህ ረጅም ፋይል 4096 ባይት በሚይዝ ቋት እየከፈልን እናንብብ። 4096 ለ3 ሲካፈል 1365 ደርሶ 1 ይተርፋል። ጽሑፉ ፊደል ብቻ ቢሆን፣ ቋቱ 1365 ሙሉ ፊደላትንና የቀጣይዋን ፊደል አንድ ባይት ይዞ ይሞላል። (በእውነተኛ ጽሑፍ ክፍት ቦታው አንድ ባይት ስለሆነ መሰንጠቂያው ይለዋወጣል፤ ስለዚህም ጥፋቱ አንዳንዴ ይታያል፣ አንዳንዴ ይሰወራል።) አይኮንቭ ሙሉዎቹን ካዛወረ በኋላ አሉታዊ 1 መልሶ በኤርኖ ውስጥ ኢኢንቫል የተሰኘውን ምልክት ያኖራል። ይህ «ግቤቱ ሳይሟላ አለቀ» ማለት እንጂ «ጽሑፉ ተበላሸ» ማለት አይደለም። መበላሸትን የሚያመለክተው ኢኢልሴክ ነው።

ሁለቱን የሚያምታታ ፕሮግራም ተራፊዋን ባይት ይጥላል። የሚቀጥለው ቋት ራስ በሌላቸው ሁለት ባይቶች ስለሚጀምር አሁን እውነተኛ ስሕተት ይከሠታል፤ እነርሱም ይዘለላሉ። በቦታው የጥያቄ ምልክት እንኳ አይቀርም። በስም ዝርዝር ውስጥ የጠፋችው «ች» ከሆነች፣ ከበደች ከበደ ሆና ትመዘገባለች፤ ስሙም ትክክለኛ ስም ስለሆነ አራሚ አያስተውለውም። በአስኪ የተጻፈ እንግሊዝኛ ግን ፊደሉ ሁሉ አንድ አንድ ባይት ነውና አይሰነጠቅም።

መፍትሔው አጭር ነው። አይኮንቭ የሚቀበለው የፖይንተሮችን አድራሻ ስለሆነ፣ ሲመለስ የግቤቱ ፖይንተር ባልተዛወረው የመጀመሪያ ባይት ላይ ቆሞ ይገኛል፤ የቀሩት ባይቶች ብዛትም ይታወቃል። ትራፊውን በሜምሙቭ ወደ ቋቱ መጀመሪያ አምጥቶ ንባቡን ከእርሱ በኋላ መቀጠል ነው። ፋይሉ አልቆም ትራፊ ካለ ፋይሉ በእርግጥ ተቆርጧል፤ ፕሮግራሙ ይህን በግልጽ ያሳውቅ።

ሦስተኛው ምልክት ኢቱቢግ የውጤቱ ቋት መሙላቱን ይናገራል። በዩቲኤፍ-16 4096 ባይት የሆኑ 2048 ፊደላት በዩቲኤፍ-8 6144 ባይት ይሆናሉና፣ የሞላውን ጽፎ ጥሪውን መድገም ይገባል።

ከዩኒኮድ በፊት በየፎንቱ የተጻፉ ሰነዶች ጉዳይ ይለያል። የ8 ቢት ፎንት 256 ቦታዎች ለፊደላችን ስለማይበቁ፣ አንዳንዶቹ ፊደሉን ለበርካታ ፎንቶች ያከፋፍሉት ነበር። አይኮንቭ እነዚህን አያውቃቸውም፤ ለእያንዳንዱ ፎንት የራሱ ሠንጠረዥ ይሠራለታል። ሰነዱ ወደ ተራ ጽሑፍ ከተገለበጠ የፎንቱ ስም አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ ማዛወሩ ከዚያ በፊት መከናወን አለበት።