የአገር ኮድ ዶሜን ስምን ከአስመዝጋቢ ወደ አስመዝጋቢ ማዛወር

የዶሜን ስም ማዛወር ማለት አንድ የኢንተርኔት ስም ባለቤቱ ሳይቀየር፣ ስሙን የሚያስተዳድረውን አስመዝጋቢ ድርጅት ከአንዱ ወደ ሌላው መለወጥ ነው። እንደ .ኮም እና .ኦርግ ባሉት ዓለም አቀፍ ቅጥያዎች ሥራው የሚመራው አይካን የተባለው ድርጅት ባወጣው አንድ ደንብ ነው። የአገር ኮድ ባላቸው ቅጥያዎች ግን ደንቡን የሚያወጣው የየአገሩ መዝገብ ያዥ ስለሆነ፣ በአንዱ የሠራው አካሄድ በሌላው ላይሠራ ይችላል። ከእነዚህ መካከል የብሪታንያው .ዩኬ ለረጅም ዓመታት ከብዙዎቹ የተለየ ዘዴ ሲጠቀም ቆይቷል፤ ይህ ጽሑፍም በይበልጥ የሚመለከተው እሱን ነው።

ሦስቱ ወገኖች

ከእያንዳንዱ ዶሜን ስም ጀርባ ሦስት ወገኖች አሉ። የመጀመሪያው ባለስሙ ነው፤ ይህም ስሙ የተመዘገበለት ሰው ወይም ድርጅት ነው። ሁለተኛው አስመዝጋቢው ወይም ሬጅስትራሩ ሲሆን፣ ከባለስሙ ክፍያ ተቀብሎ ስሙን ዋናው መዝገብ ላይ ያስገባል፣ በየጊዜውም ያድሳል። ሦስተኛው መዝገብ ያዡ ወይም ሬጅስትሪው ነው፤ በአንድ ቅጥያ ሥር ያሉትን ስሞች ሁሉ የያዘው ዋና መዝገብ በእሱ እጅ ነው።

በዝውውር የሚለወጠው ሁለተኛው ወገን ብቻ ነው። ነገሩ የቤት ካርታ በባለቤቱ ስም እንዳለ ሆኖ ጉዳይ አስፈጻሚውን እንደ መቀየር ይቆጠራል። ስሙን ለሌላ ሰው መሸጥ ወይም ማስተላለፍ ለብቻው የሚካሄድ ሌላ ሥራ ነው። ድረ ገጹ የተቀመጠበትን ሰርቨር መቀየርም እንዲሁ ሌላ ነው። ሦስቱን አደባልቆ ማየት በዝውውር ጊዜ ለሚደርሰው ችግር ዋናው ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የየአገሩ ደንብ ለምን ይለያያል

ባለሁለት ፊደል የአገር ቅጥያዎች የተወሰዱት አይኤስኦ 3166 ከተባለው ዓለም አቀፍ የአገሮች ኮድ ዝርዝር ነው። የኢንተርኔት ስሞችን ሥርዓት ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ የሆነው ጆን ፖስተል እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው ሰነድ ላይ፣ የአንድ አገር ቅጥያ አስተዳዳሪ ለአገሩም ለዓለም አቀፉ የኢንተርኔት ማኅበረሰብም አደራ ተቀባይ እንደሆነ ተገልጿል። አይካን የተቋቋመው ከዚያ በኋላ በ1998 ነው። በመሆኑም ብዙዎቹ የአገር ቅጥያዎች የራሳቸውን አሠራር የዘረጉት የጋራ ደንብ ከመምጣቱ በፊት ነው።

.ዩኬ ራሱ ከዝርዝሩ ያፈነገጠ ነው፤ ብሪታንያ በአይኤስኦ ዝርዝር ላይ ያላት ኮድ «ጂቢ» እንጂ «ዩኬ» አይደለም። ቅጥያው በ1985 ሥራ ላይ ሲውል የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ኔትወርክ «ዩኬ» የሚለውን አስቀድሞ ይጠቀምበት ነበር። ያ ኔትወርክ ስሞችን የሚጽፈው ከኋላ ወደ ፊት፣ ማለትም አገሩን አስቀድሞ ነበር፤ ከሌላው ዓለም ጋር ኢሜይል ሲለዋወጥም ይህ ግራ ያጋባ ነበር። መጀመሪያ ላይ አዲስ ስም የሚፈቅደው የበጎ ፈቃደኞች ኮሚቴ ሲሆን፣ የጥያቄው ብዛት ከአቅሙ በላይ ሲሆን በ1996 ኖሚኔት የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ኩባንያ ሥራውን ተረከበ። ከ2014 ጀምሮ ደግሞ እንደ .ኮ.ዩኬ ያለ መካከለኛ ክፍል ሳይጨመር በቀጥታ ከ.ዩኬ በፊት ስም ማስመዝገብ ተፈቅዷል።

መጎተትና መግፋት

በ.ኮም ዝውውር «መጎተት» ነው። ባለስሙ ከቀድሞው አስመዝጋቢ የምስጢር ኮድ ይቀበልና ለአዲሱ ይሰጣል፤ አዲሱም ኮዱን ለመዝገብ ያዡ አቅርቦ ስሙን ይወስዳል። የቀድሞው አስመዝጋቢ በ5 ቀን ውስጥ በቂ ምክንያት አቅርቦ ካልተቃወመ ዝውውሩ ይጸድቃል። ኮዱ በእጁ ያለ ሰው ስሙን መውሰድ ስለሚችል፣ እንደ ቁልፍ ሊጠበቅ ይገባል።

በ.ዩኬ ለረጅም ዓመታት የኖረው ዘዴ ግን «መግፋት» ነበር። እያንዳንዱ አስመዝጋቢ በኖሚኔት ዘንድ ታግ የሚባል አጭር መለያ አለው፤ በእያንዳንዱ ስም መዝገብ ላይም የአስተዳዳሪው ታግ ተጽፏል። በዚህ ዘዴ ለማዛወር የምስጢር ኮድ አያስፈልግም ነበር። ባለስሙ የአዲሱን አስመዝጋቢ ታግ ጠይቆ ለቀድሞው ይነግር ነበር፤ የቀድሞው ደግሞ በመዝገቡ ላይ የራሱን ታግ በአዲሱ ይተካ ነበር። አስመዝጋቢው ፈጣን ከሆነ ሥራው በደቂቃዎች ውስጥ ያልቅ ነበር። በ.ኮም እንደተለመደው በዝውውሩ ላይ የአንድ ዓመት እድሳት አይታከልም ነበር፤ የስሙ ማብቂያ ቀን በነበረበት ይቆይ ነበር። ማብቂያው የተቃረበበት ስም ተዛወረ ማለት ታደሰ ማለት አልነበረም፤ ባለስሙ ለአዲሱ አስመዝጋቢ የእድሳቱን ክፍያ ለብቻው መክፈል ነበረበት።

ዘዴው ቀላል ቢሆንም ሥልጣኑን የሚያስቀምጠው በሚለቅቀው ድርጅት እጅ ላይ ነበር። ደንበኛውን ማጣት የማይፈልግ አስመዝጋቢ ለጥያቄው መልስ ሊያዘገይ ይችል ነበር። የታግ አጻጻፍ ስህተትም አደጋ ነበረው፤ አንድ ፊደል ተሳስቶ የሌላ ድርጅት ታግ ከሆነ፣ ስሙ ባለስሙ ወደማያውቀው አስመዝጋቢ ሊሄድ ይችል ነበር። አንዳንድ አስመዝጋቢዎች ይህን ለመከላከል ወደ ታጋቸው የሚገፋውን ስም ሁሉ አስቀድመው ሳይቀበሉ እንዳይገባ ያደርጉ ነበር።

ለባለስሙ ዋናው መከላከያ ውሉ ነው። የ.ዩኬ ስም ያስመዘገበ ሰው የሚዋዋለው ከአስመዝጋቢው ጋር ብቻ ሳይሆን ከኖሚኔትም ጋር ነው። ስለዚህ አስመዝጋቢው ቢከስር፣ ቢጠፋ ወይም እምቢ ቢል፣ ባለስሙ ማንነቱን አስረድቶና ክፍያ ከፍሎ ታጉን በቀጥታ በኖሚኔት በኩል ማስቀየር ይችላል።

ስሙ በማን ስም ነው?

ይህ መብት የሚሠራው ግን በመዝገቡ ላይ ባለስም ሆኖ ለተጻፈው ነው። ብዙ አነስተኛ ንግዶች ድረ ገጻቸውን ሲያሠሩ ስሙንም እንዲያስመዘግብላቸው ለሠሪው ይተዉለታል፤ ሠሪው ደግሞ በራሱ ስም ሊያስመዘግበው ይችላል። ገንዘቡን የከፈለው ነጋዴ ቢሆንም መዝገብ ያዡ የሚያውቀው የተጻፈውን ሰው ነው። በዚህ ጊዜ ታግ መቀየር ምንም አይፈታም፤ መቅደም ያለበት የባለቤትነት ዝውውሩ ነው።

የመገናኛ ኢሜይሉም ያው ነው። ማረጋገጫ የሚላክበት አድራሻ ሥራ የለቀቀ ሠራተኛ ከሆነ፣ ወይም ደግሞ በዚያው በሚዛወረው ስም የተከፈተ ከሆነ፣ ስሙ በተቋረጠ ጊዜ የማረጋገጫ መልእክቱም አብሮ ይቋረጣል። በሌላ ዶሜን ላይ ያለ አድራሻ አስቀድሞ ማስመዝገብ ይሻላል።

ድረ ገጹና ኢሜይሉ ሲቋረጡ

ዝውውር በራሱ ድረ ገጽ አያቋርጥም። በመዝገቡ ላይ ከታጉ ጎን የኔም ሰርቨሮች ስም ተጽፏል፤ የስሙ ድረ ገጽ የት እንዳለና ኢሜይሉ ወዴት እንደሚሄድ የሚመልሱት እነዚህ ሰርቨሮች ናቸው። ታጉ ሲቀየር የኔም ሰርቨሮቹ ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ እንዳለ ይቆያል።

ችግሩ የሚመጣው ኔም ሰርቨሮቹ የቀድሞው አስመዝጋቢ ንብረት ሲሆኑ ነው። ብዙ ድርጅቶች ይህን አገልግሎት ከስሙ ጋር አብረው በነጻ ይሰጣሉ፤ ደንበኛው ሲሄድም ይዘጉታል። አንዳንዱ በዚያው ቀን፣ ሌላው ከሳምንት በኋላ ስለሚዘጋው፣ ድረ ገጹ የተበላሸው በዝውውሩ ምክንያት መሆኑ ወዲያው ላይታወቅ ይችላል። ከድረ ገጹ ይልቅ የሚጎዳው ኢሜይሉ ነው። ገጹ አልከፍት ሲል ባለቤቱ ያያል፤ ያልደረሰ ትእዛዝ ወይም የክፍያ ደብዳቤ ግን አይታይም።

ስለዚህ ጥንቁቅ ሰው ታጉን ከማስቀየሩ በፊት በኔም ሰርቨሩ ላይ ያሉትን መስመሮች በሙሉ ይገለብጣል፤ የድረ ገጹን አድራሻ፣ ኢሜይል ተቀባዩን ሰርቨር የሚያመለክተውን ኤምኤክስ፣ እንዲሁም ኢሜይሉ አስመሳይ እንዳልሆነ የሚያረጋግጡትን ጭምር። እነዚህን በአዲሱ ኔም ሰርቨር ላይ ያዘጋጅና መዝገቡ ወደዚያ እንዲያመለክት ያደርጋል። አሮጌው መልስ በየኔትወርኩ እስከ 2 ቀን ድረስ ተቀምጦ ሊቆይ ስለሚችል፣ ሁለቱ ሰርቨሮች ለጥቂት ቀናት ጎን ለጎን ቢሠሩ ይመረጣል። ታጉ የሚቀየረው ከዚያ በኋላ ነው። ስሙ በዲኤንኤስሴክ የተፈረመ ከሆነ ደግሞ የፊርማው ቁልፍ ከአዲሱ ኔም ሰርቨር ጋር መስማማት አለበት፤ አለዚያ ፊርማ የሚያጣሩ ኔትወርኮች ስሙን እንደ ሐሰተኛ ቆጥረው አይከፍቱትም።

በጀርመን

የጀርመኑ .ዲኢ መዝገብ ያዥ ዴኒክ ይባላል። እዚያ ዝውውር የሚካሄደው በምስጢር ኮድ ነው። ባለስሙ የቀድሞውን አስመዝጋቢ ጠይቆ ኮዱ በዴኒክ ዘንድ ይቀመጣል፤ የሚያገለግለውም ለ30 ቀን ነው። አዲሱ አስመዝጋቢ ትክክለኛውን ኮድ ካቀረበ ስሙ እንደ .ኮም ቀናት ሳይጠብቅ ወዲያው ይዛወራል። የቀድሞው አስመዝጋቢ ኮድ ካልሰጠ ዴኒክ ራሱ ሌላ ኮድ አዘጋጅቶ በፖስታ ለባለስሙ የሚልክበት መንገድ አለ። እንግዲህ በመዝገቡ ላይ የተጻፈው የቤት አድራሻ ያረጀ ከሆነ፣ ደብዳቤው ማን እጅ እንደሚገባ መገመት አያዳግትም።

በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ ቅጥያ .ኢቲ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1995 ሲሆን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ስሞች የሚመዘገቡት እንደ .ኮም.ኢቲ፣ .ኦርግ.ኢቲ እና ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንደ .ጎቭ.ኢቲ ባሉ ክፍሎች ሥር ነው። መዝገቡን የያዘውም ለደንበኛ በቀጥታ የሚሸጠውም ይኸው ድርጅት በመሆኑ፣ እንደ ብሪታንያ ብዙ አስመዝጋቢዎች የሚፎካከሩበት ገበያ አልተፈጠረም። የ.ኢቲ ስም ያለው ድርጅት ድረ ገጹን ወደ ሌላ አገልግሎት ሰጪ ሲያዛውር የሚያስቀይረው የኔም ሰርቨሮቹን ስም ነው፤ የኢሜይሉ መስመሮች አስቀድመው መገልበጥ እንዳለባቸው ግን ለንደን ካለው ነጋዴ አይለይም።