የውሻ ልደትና የምድር አደራ

በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ባሉት በሜሪላንድና በቨርጂኒያ መንደሮች በእንስሳት ሕክምና ሙያ የምናገለግል ሰዎች፣ ስለ ክትባትና ስለ ቍስል ከሚቀርብልን ጥያቄ ጋራ፣ አባቶቻችን ሰምተውት የማያውቁት አንድ ጥያቄ ዘወትር ይቀርብልናል፤ ይኸውም የውሻ ልደት እንዴት ይከበር የሚል ነው። ጥያቄውን ይዘው ከሚመጡት መካከል በዚህ አገር ልጅ ወልደው ያሳደጉ ወገኖቻችን አይታጡም። አንዲት እናት «ዶክተር፣ ልጆቹ ለውሻችን ልደት ካልደገስን ብለው አስጨነቁኝ፤ ሰው ቢሰማ ምን ይለኛል?» ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠይቀውኛል።

እኔ በዚህ ነገር የሚያሳፍር ነውር አላይበትም። በአገራችን ውሻ የግቢ ዘበኛና የእረኛ ረዳት ሆኖ በደጅ የሚያድር፣ የተወለደበትንም ቀን የሚቈጥርለት የሌለ ፍጥረት ቢሆንም፣ ቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋራ በምትቈጥረው በመጽሐፈ ጦቢት፣ ወጣቱ ጦብያ በመልአኩ በቅዱስ ሩፋኤል መሪነት መንገድ ሲወጣ ውሻው ተከትሎት እንደ ሄደ ተጽፎ እናገኛለን፤ ለእንስሳ መራራትም የጻድቅ ሰው ምግባር መሆኑን አበው አስተምረውናል። እንግዲህ በአንክሮ ሊመረመር የሚገባው፣ በዓሉ ማንን ደስ ለማሰኘት እንደሚደረግና በዚያም ደስታ ምክንያት ማን እንደሚጎዳ ነው።

የውሻ ዓይን ሰማያዊንና ቢጫን ይለያል እንጂ ቀይና አረንጓዴን አይለይም፤ አፍንጫው ግን፣ የሰው አፍንጫ 6 ሚሊዮን ያህል የማሽተቻ ሕዋሳት ሲኖሩት፣ የእርሱ እስከ 300 ሚሊዮን ይደርሳሉ። ስለዚህ በየግድግዳው የሚንጠለጠለው ቀይ ፊኛ፣ ጥብጣቡና ብልጭልጩ ወረቀት የሰውን ዓይን ያስደስት እንደ ሆነ እንጂ ለባለ ልደቱ አንዳች አይፈይድለትም፤ ይልቁንም የፊኛው ፍንዳታ ያስበረግገዋል፤ ቍራጩም፣ ሁሉን በአፉ የሚመረምር ቡችላ ከዋጠው፣ አንጀቱን ዘግቶ ለቀዶ ሕክምና ሊያደርሰው ይችላል።

ጉዳቱም በቤት አጥር ውስጥ ተወስኖ አይቀርም። በሜሪላንድ በሲልቨር ስፕሪንግ ጓሮ ነፋስ የወሰደው የፕላስቲክ ቅዳጅ፣ ዝናብ ሲዘንብ በጎርፍ መውረጃው ወደ ስላይጎ ጅረት፣ ከዚያም ወደ አናኮስቲያ፣ ከአናኮስቲያም ወደ ፖቶማክ ወንዝ ወርዶ፣ በመጨረሻ ቼሳፒክ ከተባለው ባሕረ ሰላጤ ይደርሳል፤ በዚያም የባሕር ኤሊና የውኃ ወፍ ምግብ መስሎአቸው ይውጡታል። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2021 ዓ.ም. ፊኛን ሆን ብሎ ወደ ሰማይ መልቀቅን በሕግ የከለከሉት፣ ሜሪላንድም ከዚያ በፊት በ2020 ዓ.ም. የፎም ሳሕንና ኩባያን ከምግብ ቤቶች ያስወገደችው ይህን የመሰለውን ጥፋት ለመግታት ነው። ከቤት የሚገኘው ሳሕንና ከአሮጌ ጨርቅ የተቈረጠ ጌጥ ለበዓሉ ይበቃል።

ከጌጡ ይልቅ በብርቱ ሊጠነቀቁለት የሚገባው ማዕዱ ነው። የእኛ ቤት ድግስ ያለ ሽንኩርት አይሠራም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ፣ ጥሬም ይሁኑ የበሰሉ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳሉ። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ቀናት በኋላ ስለሚገለጥ፣ ቤተ ሰቡ እንግዳው በቅን ልቡና ያጐረሰውን የዶሮ ወጥ ረስቶ፣ ውሻው ስለ ምን እንደ ደከመና ድዱ ስለ ምን እንደ ገረጣ ግራ ተጋብቶ ወደ እኛ ይመጣል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ ጕሮሮንና አንጀትን ይወጋል፤ ወይንና ዘቢብ ኵላሊትን፣ ቸኮላት ልብንና ነርቭን ይጎዳሉ፤ ስኳር አልባ በሚባሉ ጣፋጮችና በአንዳንድ የኦቾሎኒ ቅቤ ውስጥ የሚገባው ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫም፣ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ የደም ስኳሩን አውርዶ ውሻውን ሊያንዘፈዝፈው፣ ጕበቱንም ሊያጠፋው ይችላል። ከእነዚህ አንዱን የበላ ውሻ ምልክት እስኪታይበት ሳይጠበቅ ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ያለ ጨውና ያለ ቅመም የተቀቀለ ዱባ ወይም ስኳር ድንች፣ ከተቀቀለ እንቍላል ጋራ ተደቍሶ በትንሹ ቢቀርብለት፣ ይህ ለውሻ ታላቅ ግብር ነው፤ መጠኑም ከዕለት ቀለቡ ከ10 በመቶ አይለፍ። ሥጋን ያልጠቀስሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ግሪጎሪ ኦኪን የተባሉ በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2017 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ የአሜሪካ ውሾችና ድመቶች የሚበሉት ሥጋ ሲመረት በዓመት እስከ 64 ሚሊዮን ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚመዝን የጋዝ ጫና በአየር ላይ እንደሚያሳርፍ ገምተዋል። ውሻ ሥጋ አይቅመስ ማለት አይደለም፤ ነገር ግን በልደቱ ቀን ከሥጋ የተሠራ ትልቅ ኬክ ቈርሶ፣ ገሚሱን አብልቶ ገሚሱን መጣል ለሆዱም ለምድርም በደል ነው።

የበዓሉ ፍሬ ነገር ረጅም የእግር ጉዞ ይሁን። ልጆቹ ማሰሪያውን አላልተው፣ ሳይጐትቱትና ሳያቻኵሉት፣ በየሣሩና በየዛፉ ሥር እንዳሻው እንዲያሸት ይተዉት፤ ሲመለስም ከቀለቡ ጥቂቱን በአሮጌ ፎጣ ቋጥረው እንዲፈልግ ቢሰጡት፣ በገንዘብ ከተገዛ መጫወቻ ይልቅ ይፈነድቃል። በመንገድ የጣለውን ዓይነ ምድር ግን ሰብስቦ ወደ ቈሻሻ መጣያ ማግባት ግዴታ ነው፤ የዝናብ ጎርፍ ረቂቅ ተሕዋስያኑን ወደ ወንዝ ያወርዳልና፣ የወስፋት እንቍላልም በአፈር ውስጥ ለዓመታት ቈይቶ በአፈር የሚጫወቱትን ሕፃናት ሊይዝ ይችላልና፣ ለአትክልት ማዳበሪያም አይሆንም።

ከመጠለያ የመጣ ውሻ የልደት ቀኑ ላይታወቅ ይችላል፤ ሐኪም ዕድሜውን በጥርሱ ይገምትለታል፤ ወደ ቤት የገባበት ዕለትም ለበዓል ይበቃል። እንግዶችም ስጦታ ማምጣት ቢወዱ፣ ያረጀ ብርድ ልብስና ፎጣ አሰባስበው ባለቤት ላጡት ውሾች መጠለያ ይላኩ፤ ባለቤቱ ደግሞ የዓመቱን ምርመራ፣ የጥርሱን ጽዳትና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን በዚያው ሰሞን ያስፈጽምለት።

የተወደዳችሁ ወገኖቼ ሆይ፣ ልጆቻችሁ ለውሻቸው ልደት ደግሱ ሲሉአችሁ አትከልክሉአቸው፤ ለፍጥረት የሚያስብ ልቡና በእንዲህ ያለው አጋጣሚ ይታነጻልና። ሰው ከጥንት ጀምሮ ምድርን እንዲጠብቅ አደራ የተሰጠው መሆኑንም በዚያው ቀን ንገሩአቸው፤ ከበዓሉ በኋላ በጓሮአችሁም ሆነ በወንዛችሁ አንድም ቍራጭ ፕላስቲክ እንዳይቀር ልጆቹ ራሳቸው ይልቀሙ።